ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት ውሉ ይታይ

ጉኑኖ፦ በወላይታ ዞን በዳሞት ሶሬ ወረዳ የምትገኘው ጉኑኖና አካባቢዋ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ የሰፈረባት፣ ገበሬው በጠባብ ማሳ ላይ እንሰት፣ ቡና፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ እያፈራረቀ የሚኖርባት ናት። ምርቱ ወደ ገበያ የሚወጣው በሰው ጫንቃ፣ በአህያና በመኪና ነው። ባቡር ወላይታ አልደረሰም። ይሁንና በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ካቀዳቸው መስመሮች አንዱ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ኮንሶ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ ነገሩ ለአካባቢው የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ መሪዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 ደግሞ የግል ባለሀብት ከመንግሥት ጋር በረጅም ጊዜ ውል እንዲህ ያለ መሠረተ ልማት የሚሠራበትን መንገድ ከፍቷል።

ታዲያ ገንዘብ ያለው ድርጅት ሐዲድ ዘርግቶ፣ ባቡር ገዝቶ እንደ ፈቀደ ሊሠራ ይችላልን? አይችልም። በመጀመሪያ መሬቱ የእሱ አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ባለሀብቱ የሚያገኘው በውል የተወሰነ የመሥራት መብት ነው። የባቡር ትራንስፖርትን ፈቃድና ደኅንነት የሚመለከት አዋጅም በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 1048 ወጥቷል።

ውል በሚገባ ካልታየ ምን እንደሚከተል ከራሳችን ታሪክ መረዳት ይቻላል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት መስመሩ በኩባንያ እንዲሠራ፣ ኩባንያውም ለ99 ዓመት እንዲጠቀምበት ተፈቅዶ ነበር። ሥራው በሦስት ተከፈለ፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። ነገር ግን ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር የገባው ድሬዳዋ ነው። ሐረር ስትጠብቅ ቀረች። ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የገባው ውል መስመሩን በባዕድ መንግሥት እጅ የሚያስገባ መሆኑ ሲታወቅ ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ። ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። አዲስ ፈቃድ በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ ተሰጥቶ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ወደ ከፋ የታሰበው ሦስተኛው ክፍል ግን ሳይሠራ ቀርቷል። ስለዚህ ፈቃዱ ለማን ሊተላለፍ እንደሚችል፣ ሥራው በየትኛው ዓመት የት መድረስ እንዳለበት በውሉ ውስጥ መጻፉ ትንሽ ነገር አይደለም።

የማጓጓዣ ዋጋ ጉዳይም አለ። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ገበሬዎች ያለፉበት መንገድ ለማኅበር መሪዎች ትምህርት ይሆናል። በዚያ አገር ሐዲዱ የግል ኩባንያዎች ነበር። በብዙ ሥፍራ እህል የሚጭን መስመር አንድ ብቻ ስለነበር ኩባንያው የፈለገውን ያስከፍላል፤ ለትልልቅ ነጋዴዎች በስውር ይቀንሳል፣ በአነስተኛው ገበሬ ላይ ይጨምራል። ተወዳዳሪ በሌለበት መስመር አጭሩ መንገድ ከረጅሙ በላይ የሚያስከፍልበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 የተመሠረተው ግሬንጅ የተባለው የገበሬዎች ማኅበር በየግዛቱ ባደረገው ግፊት የዋጋ ጣሪያ የሚወስኑ ሕጎች ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ታሪፍ ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ለሕዝብ እንዲገለጽና አድልዎ እንዲቀር ተደነገገ። ዛሬም በዚያ አገር የባቡር ባለቤት አዲስ መስመር ለመሥራትም ሆነ ያለውን ለመዝጋት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በአግባቡ ጭነት ያቀረበን ሰውም አልጭንም ሊል አይችልም።

ለጉኑኖ ገበሬ ከታሪፉ ቀድሞ የሚመጣው ግን የማሳው ነገር ነው። ሩብ ሄክታር የማይሞላ ይዞታ ላይ ሐዲድ ካለፈ የሚተርፍ የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከር፣ ካሣው ከመነሣቱ በፊት እንዲከፈለው፣ ቅሬታ ያለው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ደንግጓል። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻለ መሪዎች በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ ከወረዳ ጠይቀው መያዝ ይኖርባቸዋል። ካሣ የሚሰላው በማስረጃ ስለሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የቡናው እግር ብዛት፣ የእንሰቱ ዕድሜ አስቀድሞ ይመዝገብ። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚበላ ተክል አይደለምና ገማቾች ይህን ካላወቁ ማሳወቅ የመሪው ፈንታ ነው።

ሌላው ጎርፍ ነው። ጉኑኖ በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመባት በመሆኗ፣ ተዳፋት ላይ ያለ አፈር በዝናብ እንዴት እንደሚታጠብ ለአካባቢው ሰው መንገር አያሻም። የጭነት ባቡር በመቶ ሜትር ከሁለት ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ስለሚከብደው ጉብታው ይቆረጣል፣ ረባዳው በአፈር ይደለደላል። ድልድሉ የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ሲለቀው ከሥሩ ያለው ማሳ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፤ እርከኑም አይችለውም። ስለዚህ ቱቦዎቹ የት እንደሚወጡ፣ ቦዩን በየዓመቱ ማን እንደሚጠርግ፣ መሪዎች ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ሆነው በንድፉ ላይ ማየት አለባቸው። ግንባታው ካለቀ በኋላ ቱቦ ማስጨመር ከባድ ነው።

በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲስ መስመር ላይ ከብትና ግመል በባቡር በተደጋጋሚ መገጨታቸው ይታወሳል። የከብት መተላለፊያ በየስንት ርቀት እንደሚሠራ፣ አጥሩን ማን እንደሚጠግን፣ ለተገጨ ከብት ማን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፍል በውሉ ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰፍር መጠየቅ የሚቻለው ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው።