በአሸዋ ላይ መንዳት፣ በአሸዋ ላይ ማደር

በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል ከምትገኘው ፒዝሞ ቢች አጠገብ፣ ኦሲያኖ ዱንስ የሚባል የመንግሥት ፓርክ አለ። ጎብኚው መኪናውን በር ላይ አቁሞ በእግሩ አይገባም፤ አሸዋው ላይ እየነዳ ይገባና ድንኳኑን እዚያው ባሕሩ ዳር ይተክላል። ከባሕሩ ጀርባ የተከመሩት የአሸዋ ኮረብታዎች ደግሞ የሞተር ሳይክልና የባለ አራት ጎማ ሞተር መጋለቢያ ናቸው። የእንዲህ ያሉ ፓርኮች መሠረት ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣችው ሕግ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጋላቢው ባገኘው ሜዳ ሁሉ ከሚፈነጭ የተከለለ ቦታ ይሰጠው፣ ወጪውም ከነዳጅ ቀረጥ፣ ከምዝገባና ከመግቢያ ክፍያ ይሸፈን የሚል።

ባሕሩ ያረጠበው አሸዋ ጠጣር ስለሆነ ተራ የቤት መኪናም ይሄድበታል። ከዚያ አለፍ ሲሉ ግን አሸዋው ደረቅና ልል ነው፤ ፎር ዊል ያልሆነ መኪና ብዙ ሳይርቅ ይሰምጣል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ጎማቸውን ያስተነፍሳሉ፤ አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ ገደማ የነበረው ወደ 15 ይወርዳል። የተነፈሰ ጎማ ተዘርግቶ ስለሚያርፍ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል፤ አሸዋውን አይቆፍርም። ሲወጡ መልሶ ማስነፋት ግድ ነው፤ አለዚያ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሽከረከር ግሎ ይፈነዳል። መኪናው ከሰመጠ ነዳጅ መስጠት የባሰ ይቀብረዋል፤ የሚያዋጣው ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ በአካፋ ጠርጎ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ከሁሉ የከፋው ውኃው ዳር መስመጥ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ጎታች መኪና እስኪደርስ አይጠብቅም። መንገዱን የሚያቋርጠው የአሮዮ ግራንዴ ወንዝም ሲሞላ አያሳልፍም።

ኮረብታዎቹን የሚቀርጻቸው ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። በነፋሱ በኩል ያለው ጎን ለስላሳ ዳገት ይሆናል፤ ከጫፉ ማዶ ያለው ግን ወደ 34 ዲግሪ የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። ዳገቱን በፍጥነት የሚወጣ ጋላቢ ከጫፉ ማዶ ምን እንዳለ አያይም፤ ሰው ይቁም፣ ሌላ ሞተር ይምጣ፣ ገደል ይሁን። በረዥም ዘንግ ላይ የሚውለበለብ ባንዲራ ግዴታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከመሬት ቢያንስ 2.4 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ለጌጥ የተሰቀለ የሚመስለው ይህ ጨርቅ ከሄልሜቱ ባልተናነሰ ሕይወት ያድናል፤ ሄልሜት ከግጭት በኋላ ይሠራል፣ ባንዲራው ግጭቱን ራሱን ያስቀራል። ሞተሮቹ በሌላ መኪና ተጭነው አሸዋው ላይ የተተከለውን ቁጥር 2 ምልክት ካለፉ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይወርዱም።

ካምፑ ምቾት ለሚፈልግ አይሆንም። የመብራት መስመርም ሆነ ጥላ የለም፤ ለመጠጥም ለመታጠቢያም የሚሆነውን ውኃ እንግዳው ራሱ ይዞ ይመጣል። የድንኳን ካስማ ልል አሸዋ ስለማይዘው፣ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ገመዱን አስሮ መቅበር ይሻላል። እሳት ማንደድ ይቻላል፤ ምስማር ያለበት እንጨት ግን ክልክል ነው፤ እንጨቱ ነድዶ ሲያልቅ ምስማሩ ለሰው እግርና ለጎማ ይቀራልና። በድንኳኖች አጠገብ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው።

ፓርኩ ያለ ጠብ አልኖረም። ስኖዊ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ እንቁላሏን እዚያው አሸዋ ላይ ስለምትጥል፣ ከመጋቢት 1 እስከ መስከረም 30፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰፊ ቦታ ይታጠራል። ነፋሱ የሚያነሣው ብናኝም በስተምሥራቅ ያሉ የኒፖሞ ነዋሪዎችን ለዓመታት አማሯል። የግዛቲቱ የባሕር ጠረፍ ኮሚሽን በ2021 ከመንገድ ውጭ መጋለብ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲያበቃ ወሰነ፤ በ2023 ግን ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ብናኙን ለመቀነስ አንዳንዱ ኮረብታ ታጥሮ ተክል ተተክሎበታል። ስለዚህ የሚጋለብበት ቦታ ከዓመት ዓመት፣ ከወቅት ወቅትም ይለያያል፤ ጎብኚ ከመነሣቱ በፊት የዕለቱን የፓርኩን ካርታና ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ማየት ይኖርበታል።