ስልኩ ሙሉ ሰው፣ ቤቱ ባዶ፦ ኦንላይን ፍቅር ስንፈልግ ብቸኝነት ለምን ይብስብናል?

 

ስለ ጨጓራና ስለ ደም ግፊት ስጽፍ በግልጽ ትጠይቁኛላችሁ። የዛሬው ርዕስ ግን የሚመጣው በውስጥ መስመር ብቻ ነው፤ ያውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ። የጥያቄው ይዘት ተመሳሳይ ነው፦ "ቴሌግራም ላይ ከአምስት ሰው ጋር ሳወራ አመሻለሁ፣ ስልኩን ሳስቀምጥ ግን ባዶነት ይሰማኛል። በሽታ ነው እንዴ?"

በሽታ አይደለም። የጤና ጉዳይ ግን ነው። (በነገራችን ላይ፣ ደረታችሁን የሚከብዳችሁ ስትራመዱ ወይም ደረጃ ስትወጡ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ልባችሁን ተመርመሩ።)

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ብቸኝነትን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ጆን ካሲዮፖ ነገሩን ከረሃብና ከውሃ ጥም ጋር ያመሳስሉት ነበር። ረሃብ ምግብ እንድትፈልጉ ያደርጋል፣ ብቸኝነት ደግሞ ሰው እንድትፈልጉ። ብቻውን የሚኖር ሁሉ ብቸኝነት አይሰማውም፤ በሰው መሃል ሆኖ ብቸኝነት የሚያንገበግበውም አለ። ዋናው ነገር የምትፈልጉት ቅርበትና ያላችሁ ቅርበት አለመገጣጠሙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው፣ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሞትም በዓመት ወደ 871,000 እንደሚደርስ ገምቷል። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ድብርት፣ ሁሉም አሉበት። ስለዚህ "አግቢ፣ ይለቅሻል" ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ብቸኝነት ሲቆይ አንጎላችን ዘብ ይቆማል፤ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ከሰው ፊትና ከሰው ቃል ውስጥ መጥፎውን ቶሎ እናነባለን። ምን መሰላችሁ፣ መልእክት ላካችሁ፣ ተነበበ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መልስ የለም። ሆዱ የጠገበ ሰው "ሥራ ላይ ነው" ይላል። ብቸኝነት የቆየበት ሰው ግን "ጠላኝ፣ ሌላ አግኝቷል" ይልና ወይ ይዘጋዋል፣ ወይ አስር መልእክት ይደረድራል። ሁለቱም ሰውየውን ያርቁታል። ብቸኝነቱ ራሱን ቀለበው ማለት ነው።

አፑ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨምርበታል። እነ ቲንደር (የወጣው በ2012 ነው) በጣት ገፋ ገፋ እያደረጋችሁ ሰው እንድትመርጡ ያደርጋሉ። ማች መቼ እንደሚመጣ አታውቁም፣ ያ አለማወቅ ነው የሚያስይዛችሁ፤ የቁማር ማሽንም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ፕሮፋይል በተከታታይ ሲያዩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው "እሺ" የማለት ዕድላቸው በአማካይ በ27 በመቶ ቀንሷል። ብዙ ባዩ ቁጥር ልባቸው እየተዘጋ ይሄዳል። "በቃ ሰው የለም" የምትሉት ከሁለት መቶኛው ፎቶ በኋላ ከሆነ፣ ችግሩ የሰው እጥረት ላይሆን ይችላል።

ኦንላይን አይሠራም እያልኩ ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ2017 ከተዋወቁ የወንድና ሴት ጥንዶች 39 በመቶዎቹ የተገናኙት በኢንተርኔት ነው። እኛ ዘንድ ድሮ ሽማግሌና ዘመድ ነበር የሚያገናኘው። ያ ዘመን እንዲመለስ አልመኝም፤ ሳትጠየቅ የተዳረች ስንት ሴት አለች። ግን አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፦ ሁለቱንም የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው። ቴሌግራም ላይ ያ ሰው የለም፣ አጣሪው እናንተው ናችሁ፣ ያውም በራባችሁ ሰዓት።

ይህን የሚያውቁ አሉ። በተለይ ዱባይና ቤሩት ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶቼ፣ እባካችሁ ልብ በሉ። በሁለት ሳምንት "ያለ አንቺ አልኖርም" ብሎ፣ ቪዲዮ ኮል ሲባል ካሜራው ሁልጊዜ የተበላሸ፣ ከዚያ እናቱ የታመሙበት ሰው ፍቅር አልያዘውም። ብር አትላኩ፣ የገላችሁን ፎቶም አትላኩ። ልካችሁ ማስፈራራት ከተጀመረ አትክፈሉ፤ ከከፈላችሁ ይቀጥላል። ቻቱን አታጥፉ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ለፖሊስ አመልክቱ፤ በኮምፒውተር ማስፈራራት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የምመክረው ጥቂት ሰው፣ ብዙ ሰዓት ነው። ጄፍሪ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2018 እንዳሳተመው፣ እንዲሁ ከመተዋወቅ አልፎ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመድረስ አብሮ ወደ 50 ሰዓት ማሳለፍ ይጠይቃል፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። አስራ አምስት ሰው ጋ "ሃይ፣ ምን አዲስ" እያላችሁ ይህን ሰዓት ከየት ታመጡታላችሁ? አንድ ወይም ሁለት ሰው ያዙ። ከጽሑፍ ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ቪዲዮ ቶሎ ውጡ፤ ከዚያ በቀን፣ ሰው ባለበት ካፌ፣ ለጓደኛ ተናግራችሁ አንድ ማኪያቶ ጠጡ። ጥያቄያችሁም "ምን ትሠራለህ" ላይ አይቁም። ሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮን በ1997 ባሳተመው ሙከራ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች እየተፈራረቁ ቀስ በቀስ ጠለቅ ያለ ነገር ሲነጋገሩ በ45 ደቂቃ ውስጥ ተራ ወሬ ካወሩት ይልቅ ተቀራርበዋል። እየተፈራረቁ ያልኩትን አስምሩበት፤ አንዱ እየተናዘዘ ሌላው ዝም ካለ ቅርበት ሳይሆን ምርመራ ነው።

የሰው ርሃባችሁን ሁሉ ደግሞ ለአንድ የፍቅር ሰው አታሸክሙት። ለእህታችሁ ደውሉ፣ ከጎረቤት ቡና ጠጡ፣ ማኅበርም እድርም ካለ ሂዱ። ከዚያ አፑን ስትከፍቱ እጃችሁ አይንቀጠቀጥም።

የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ይህም 2 ሳምንት ካለፈው ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ይታከማል። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፣ ዛሬውኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው ተናገሩና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለተገናኛችሁትም፦ ከግንኙነት በፊት ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ አብራችሁ ተመርመሩ። በተለመደው ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ ነጻ መሆንን በእርግጠኝነት ለማወቅ ከመጨረሻው ተጋላጭነት በኋላ 3 ወር ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ "ባለፈው ሳምንት ተመርምሬያለሁ" የሚለው መልስ አይበቃም፣ ቀኑን ጠይቁ።