ነፍሰ ጡር እናት ስለ ልጇ ድድና ጥርስ አስቀድማ ልታውቀው የሚገባ

ብዙ እናቶች የልጅ ጥርስ ነገር የሚጀመረው ጥርሱ ብቅ ሲል ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እርግዝናው ሁለት ወር ሳይሞላው የወተት ጥርሶቹ መብቀያ በጽንሱ ድድ ውስጥ ይጀመራል፤ በአራተኛው ወር ገደማም መጠንከር ይጀምራሉ። ልጁ ሲወለድ ሃያዎቹም በድዱ ውስጥ ተሸሽገው አሉ። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከቆጮው ጋር ጎመንና ባቄላ፥ ሲገኝም ወተትና እንቁላል መብላት ይገባታል። ከሱቅ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ግን ይቅር፤ ቴትራሳይክሊን የሚባለው የልጁን ጥርስ ቀለም ያበላሻል።

ዋናው ነገሬ ስለ ግግ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ይባልና ድዱ በስለት ይቧጠጣል። ነጭ ለስላሳ ነገር ሲወጣም «ትሉ ይኸው» እየተባለ ለእናቲቱ ይታያል። እርሱ ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የልጇ ጥርስ ነው። በመደብ ላይ ብቅ ያለ የቡና ችግኛችሁን አንድ ሰው ትል ነው ብሎ ቢነቅለው ምን ትሉታላችሁ? ቡናው እንኳ ይተካል። የልጁ ድድ ግን ይደማል፥ ያመረቅዛል፤ ስለቱ ሌላ ልጅ የተቧጠጠበት ከሆነ ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ይወጣል፥ ወይም ጭራሹን ይቀራል። በዚሁ የሞቱም ሕፃናት አሉ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የወተት ጥርስ በማውጣት ሕፃንን የጎዳ ሰው እንዲቀጣ ያዝዛል።

ታዲያ ልጁን ለምን ያስቀምጠዋል? ጥርስ የሚያበቅለው ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ነው። በዚያው ጊዜ ምግብ ይጀምራል፥ መዳህ ይለምዳል፥ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። በሽታው የሚገባው ባልታጠበ እጅ፥ በዕቃና በውሃ ነው፤ ጥርሱ በሰው ጥፋት ይከሰሳል።

ልጁን ሲያስቀምጠው ጡት አታቋርጡ። አንዱን ጥቅል ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ስጡት፤ ወደ ጤና ኬላም ውሰዱት፤ የዚንክ ክኒን ይሰጡታል። መጥባት እምቢ ካለ፥ ዐይኑ ከሰረጎደ ወይም ደም ከታየ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ይህን ለብቻችሁ ማወቁ አይበቃም። ልጁ የታመመ ለት አማትም አለች፥ ጎረቤትም አለ። ስለዚህ ዛሬ፥ ገና በእርግዝናችሁ፥ ለክትትል ስትሄዱ ባላችሁንና አማታችሁን አስከትሉ። እኔ ራሴ ይህን ሳስተምር ስምንት ልጅ ያሳደጉ እናት «አንተ ስንት ወልደህ ነው?» ብለው ዝም አሰኝተውኛል። ምን እላለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ልጆቻቸው ያደጉት ግን በጡታቸውና በድካማቸው ነው እንጂ ግጉ ስለ ወጣ አይደለም።

ድዱን ከተወለደ ጀምሮ በቀን አንዴ፥ እጃችሁን ታጥባችሁ፥ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። ቡና ለቀማ ስትወጡም ልጁ የሚቀርላትን አያት ወይም ታላቅ እኅት፥ ስኳር ያለበት ጡጦ በአፉ ይዞ እንዳይተኛ ነግራችሁ ውጡ።