የቆቃ ግድብና የላይኛው አዋሽ ማሳዎች

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ከፍተኛ ቦታዎች ተነሥቶ የበቾን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ቆቃ ላይ ይገደባል። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከበታቹ የተተከሉት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ማመንጫዎችም ሆኑ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በበጋ የሚጠብቁት ይኸው ሐይቅ በክረምት ያጠራቀመውን ውሃ ነው።

ይሁን እንጂ እስከ 1991 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ ከማጠራቀሚያው ከአንድ አራተኛ በላይ የሚሆነውን ቦታ ደለል ወስዶታል። ማጠራቀሚያው ሲጠብ ክረምት ሳያልቅ ይሞላና ትርፉ ውሃ ወደ ታች ይለቀቃል፤ በግንቦት ደግሞ ለመስኖውም ለተርባይኑም ያጥራል። ደለሉን ቆፍሮ ማውጣት ይሻላል የሚሉ አሉ። ወጪውንና የሚደፋበትን ቦታ ስናስብ ግን ይህ አሳብ አያሳምነንም።

ደለሉ በብዛት የሚመጣው ከማሳ ነው። ጤፍ የለሰለሰ መደብ ስለሚፈልግ ገበሬው አራትና አምስት ጊዜ ያርሳል፤ የሚዘራውም በሐምሌ ነው። ስለሆነም ብርቱው ዝናብ የሚወርደው በተራቆተ መሬት ላይ ነው። በመረሬ አፈር ላይ ደግሞ ውሃ ስለሚተኛ ገበሬው ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ቁልቁል ይወርድና ጎረቤት ማሳ ላይ ይለቀቃል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ቦረቦር ይሆናል። በፈሰስ የተነሣ ጠብ ያልገጠመው የልማት ሠራተኛ ያለ አይመስለንም።

ለገበሬው «ለመብራት ሲባል እርከን ሥራ» ማለት ከንቱ ነው። መብራቱ ቤቱ ላይደርስ ይችላል፤ እርከኑ ግን ከማሳው ቦታ ይወስድበታል። ቅሬታው እውነተኛ ስለሆነ በንግግር አይታለፍም። እርከኑ ላይ ደሾ ሣር ቢተከል ለከብቱ መኖ ስለሚሆን የተወሰደበትን በከፊል ይመልስለታል። ቬቲቨር አፈር በመያዝ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ለመኖነት ደካማ ነው።

የፈሰስ ጉዳይ ግን ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ ነው። ማኅበሩ በበጋ ወራት ገበሬዎቹን ሰብስቦ የጋራ መውረጃ ቦይ የሚያልፍበትን መስመር እንዲወስን እንመክራለን። ቦዩ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ ይሁን፤ ወለሉም በሣር ይሸፈን። የየማሳው ፈሰስ ተዳፋቱን አግድሞ፣ በጥቂቱ ብቻ ዘንበል እያለ ወደዚህ ቦይ ይግባ። ሣሩ ሥር ሳይሰድ ውሃ ከተለቀቀበት ቦዩ ራሱ ቦረቦር ስለሚሆን፣ አንድ ክረምት ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ቦዩ መሬቱን የሚያቋርጥበት ገበሬም የሣሩን አጨዳ በቅድሚያ እንዲያገኝ ስምምነቱ በማኅበሩ መዝገብ ይስፈር።