የጎሬ አይሮፕላን ማረፊያና የኢሉባቦር ንግድ

የኢሉባቦር ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የባሮ ወንዝ ግን ለመርከብ የሚበቃ ውሃ የሚይዘው በክረምት ብቻ ነው። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መነሻነት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ቡናውንና ሰሙን የሚጭኑት በዚሁ በክረምት ስለ ነበረ፣ በኅዳር ቡና የገዛ የጎሬ ነጋዴ እስከ ሰኔ ድረስ በመጋዘን ሊያቆየው ይገደድ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ገንዘቡ ከጆንያው ጋር ታስሮ ይቀመጣል፤ በዚህ መካከል ዋጋ ቢወድቅ የሚያደርገው አልነበረውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዲሲ 3 አይሮፕላኖቹን ወደ አገር ውስጥ ከተሞች ማብረር ከጀመረ በኋላ፣ ጎሬም ከአዲስ አበባ ጋር በሰዓታት የምትገናኝ ሆነች። ማረፊያው አስፋልት ያልለበሰ ሜዳ ስለ ነበረ ጠባዩ የወንዙ ተቃራኒ ነበር፤ ይኸውም በበጋ ጠንክሮ በክረምት ይጨቀያል። ከዚህም በላይ ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ አይሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ይሻል፤ ሜዳው ርጥብ በሆነ ጊዜም አብራሪው ጭነት መቀነስ ግድ ይሆንበታል። የሚቀነሰው ጆንያ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ገንዘብ ነው።

ዲሲ 3 ሁለት ተኩል ቶን ያህል፣ ማለትም ከ40 ጥቂት የሚበልጥ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ይጭናል። ይህን አንድ መካከለኛ የጭነት መኪና ያለ ችግር ስለሚሸከመው፣ መንገዱ ሲሻሻል ቡናው ወደ መኪና መዞሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

የአስተዳደሩ መቀመጫ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከጎሬ ወደ መቱ የተዛወረ ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሁለቱ ከተሞች ስም የሚጠራ አዲስ የአይሮፕላን ማረፊያ መሠራት ጀምሯል። ነጋዴው ከዚህ ሊጠብቅ የሚገባው ቡናውን በአየር ማጓጓዝን አይደለም። የቡና ናሙና፣ ፊርማ የሚጠብቅ የባንክ ሰነድ፣ በመከር መካከል ለቆመ የቡና መፈልፈያ የሚሆን መለዋወጫ፣ ገዢውም ራሱ ሳይቀር፣ ክብደታቸው አነስተኛ፣ መዘግየታቸው ግን ብዙ የሚያስከፍል ነው። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ለአንዲት ፊርማ በመኪና መመላለስ ቀናትን ይፈጃል።

ሆኖም አስፋልት ጭቃን እንጂ ደመናን አያስወግድም። የኢሉባቦር ክረምት ረዥም ነው፤ ጉሙም ብዙ ጊዜ እስከ ረፋድ ይቆያል። ስለዚህ የመቱና የጎሬ ነጋዴዎች ስለ መንገደኛ ማረፊያው ሕንፃ ከሚጠይቁ ይልቅ፣ አብራሪውን በጉም ውስጥ የሚመራ መሣሪያ መኖሩን፣ በረራው በየሳምንቱ በተቆረጠ ቀን መሆኑንና ለአነስተኛ ዕቃ መቀበያ መጋዘን መዘጋጀቱን ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።