በነጻ ከሚታደል ሥራ ትርፍ እንዴት ይገኛል?

አንባብያን ሆይ! በነጻ የሚታደል ነገር ነጋዴን እንዴት ያበለጽጋል? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። የአሠራሩ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች፥ ብዙዎቹም ያለ ደመወዝ፥ አሻሻሉት።

በ1993 የተቋቋመው ሬድ ሃት ኩባንያ የሸጠው ግን ጥገናውን፥ ምክሩንና ዋስትናውን ነው። ባንክ ሥራው በሌሊት ቢቆምበት የሚደርስለት ይፈልጋልና ይከፍላል። ስለዚህም በ2019 አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያውን በ34 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገዛው።

በ2023 ሬድ ሃት የዋና ምርቱን ሙሉ ጽሑፍ ለደንበኞቹ ብቻ እንደሚሰጥ ባስታወቀ ጊዜ፥ በማኅበር የታረሰ ማሳ ታጠረ የሚል ቅሬታ ተነሣ። ኩባንያውም በበኩሉ ምንም ሳይጨምሩ የሚገለብጡትን ወቀሰ።

ማትረፍ ነውር አይደለም፤ ከጋራ ማሳ ያጨደ ግን ለመጪው ክረምት ዘር ሊመልስ ይገባዋል።