ከተራራ ተራራ፦ የአሪዞና አራዊትና አውራ ጎዳናዎቹ

በደቡብ አሪዞና፣ በሶኖራ በረሃ፣ ተራሮቹ ተነጣጥለው ነው የቆሙት። አጋዘኑም የተራራ አንበሳውም ውኃ ወይም ተጓዳኝ ፍለጋ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩት መሃል ባለው ቁልቋላማ ሜዳ ነው። ሰውም አውራ ጎዳናውንና ቤቱን የሚሠራው እዚያው፣ በተራሮቹ ግርጌ ነው። የጅቡቲ መንገድ የአዋሽ ፓርክን ሰንጥቆ ሲያልፍ ላየ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በመኪና የተገጨ እንስሳ ይታያል። የባሰው ጉዳት ግን አይታይም፤ መንገዱን ፈርቶ የቀረው መንጋ በአንድ ተራራ ታጥሮ እርስ በርስ ሲዋለድ ዘሩ ይደክማል።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ብዙ ያስተማረው በሁቨር ግድብ አጠገብ በሀይዌይ 93 ላይ የተሠራው የአራዊት መሻገሪያ ይመስለኛል። መንገዱ ሊሰፋ ሲታቀድ ባለሙያዎች በበረሃ በጎች አንገት ላይ የጂፒኤስ ማሰሪያ አድርገው አካሄዳቸውን ተከታተሉ። የበረሃ በግ ጠላቱን ከሩቅ ማየት ስለሚሻ ጠባብና ጨለማ መተላለፊያ አይወድም፤ የሚመርጠው ሸንተረር ነው። ስለዚህ በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋሉት ሦስት ድልድዮች ሸንተረርን ከሸንተረር እንዲያያይዙ ተደረገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጎቹ ከ5,000 ጊዜ በላይ ተሻገሩባቸው። ለበረሃ ኤሊ ግን ከመንገዱ ሥር ያለ የጎርፍ ቱቦና ወደዚያ የሚመራት አጭር አጥር ይበቃታል። አጥር የሌለው መሻገሪያ የትም ቢሠራ ግማሽ ሥራ ነው።

ከቱሳን ከተማ በስተሰሜን፣ በሳንታ ካታሊናና በቶርቶሊታ ተራሮች መካከል፣ ከኦራክል ሮድ በላይ የተዘረጋው ድልድይ በ2016 ተጠናቀቀ። ገንዘቡን ያስገኘው የፒማ ካውንቲ መራጮች በ2006 ያጸደቁት በየዶላሩ የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ግብር ነው፤ ከዚያ 45 ሚሊዮን ዶላር ለአራዊት መተላለፊያ ተመድቦ ነበር። በ2021 የወጣው የፌዴራል መሠረተ ልማት ሕግም ለመላው አገሪቱ የአምስት ዓመት 350 ሚሊዮን ዶላር መድቧል።

እኔን የሚያሳስበኝ የድልድዩ ግራና ቀኝ ነው። ከኦራክል ሮድ በስተምዕራብ ሰፊ የግዛቲቱ የአደራ መሬት አለ። ሕጉ ይህ መሬት በዋናነት ለትምህርት ቤቶች ገቢ እንዲያስገኝ ስለሚያዝ፣ ለቤት ገንቢዎች በጨረታ ሊሸጥ ይችላል። ካውንቲው በ2004 ሕዝቡ ባጸደቀው ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቦንድ ብዙ ክፍት መሬት ገዝቶ ከግንባታ አድኗል። መተላለፊያው ላይ ያለው የአደራ መሬትም ዋጋው ገና ሳይንር ሊገዛ ይገባል።